ኪኒኑን ለሁለት ተካፍለን

የዚያን ቀን ጠዋት ቆሮሶ እየፋቅኩ ነበር። ቆሮሶ የምንለው ከአዋሳ ሐይቃችን የሚወጣውን ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ቅርፊቱን በቢላ እፍቃለሁ፣ ሆዱን እሰነጥቃለሁ፣ አንጀቱን እወረውራለሁ። እነዚያ መላጣ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ እየተጋፉ ይለቅሙታል። ጀልባው ዘግይቶ ስለገባ እየተጣደፍን ነበር። ፀሐይ ከጠነከረ ዓሣ አይቆይም።

ሳል መጣብኝ። ሳሉ አዲስ አይደለም፣ ከወር በላይ ሆኖታል፣ የሐይቅ ብርድ ነው ብዬ ትቼው ነበር። አፌን በክንዴ ከልዬ ሳልኩ። ክንዴን ሳየው ደም አለበት። የዓሣ ነው አልኩ። ዓሣ የሚፍቅ ሰው ደም ሳይነካው ይውላል? ሐይቁ ውስጥ ነክሬ አጠብኩት። ደግሞ ሳልኩ። ድንጋዩ ላይ ተፋሁ። የዓሣ ደም ጠቆር ይላል። ይሄ ቀይ ነው። አረፋ አለው።

ውሃ ረጭቼ አጠፋሁት። ማንም አላየም ብዬ ነበር። ዳንጉሬ አይታለች።

ዳንጉሬ የሥራ ጓደኛዬ ናት። የሲዳማ ልጅ ናት፣ ዘመዶቿም የባሏም ቤተሰቦች ቱላ ናቸው፣ እሷ ግን ከባሏ ጋር ከተማ ተከራይታ ትኖር ነበር። አንድ ድንጋይ ላይ ነው የምንሠራው። አንድ መሞረጃ፣ አንድ የውሃ ጣሳ፣ ዳቦም ከገዛን አንድ ዳቦ። እሷ ከገመሰችው ትልቁን ለእኔ፣ እኔ ከገመስኩት ትልቁን ለእሷ። በአማርኛ ስታወራ ቀስ ትላለች፣ ስትቀልድ ግን አትዘገይም።

«ጥርስሽ ነው?» አለችኝ።

«ጥርሴ ነው» አልኳት።

«ጥርስሽ ደረትሽ ላይ ወርዷል ማለት ነው» አለችና ቢላዋን አስቀመጠች።

በማግስቱ ባለቤቴ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ባለቤቴ ግንበኛ ነበር፣ ብዙ አይናገርም፣ መንገዱን ሁሉ ከፊቴ እየሄደ ዞር እያለ ያየኛል። ያን ጊዜ ደርግ ነው። ቤታችን ከታቦር ኮረብታ ሥር ነው፣ ጤና ጣቢያው ደግሞ የከተማው ሌላ ጫፍ። ጤነኛ ሰው አንድ ሰዓት ይሄደዋል። እኔ ሦስት ቦታ ተቀምጫለሁ። አክታዬን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ሦስት ቀን አመላለስኩ። ከዚያ ራጅ ተነሺ ተባልኩ፣ ራጁ ይርጋለም ነው፣ በአውቶቡስ። አውቶቡሱ ውስጥ ስስል ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ መስኮት ያዞራል። እኔም ወደ መስኮት አዞርኩ፣ ሌላ ሰው የሳለ ይመስል።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። ፊልሙን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ነጭ ጭስ የመሰለ ነገር በቀኝ በኩል አለ።

«የሳንባ ነቀርሳ ነው» አለ። «ቲቢ ይባላል። ይድናል። ግን መድኃኒቱ ረጅም ነው፣ አንድ ዓመት። ሁለት ወር መርፌ በየቀኑ፣ ከዚያ ኪኒን በየቀኑ። ሲሻልሽ እንዳትተዪው።»

ይድናል ያለውን ሰማሁ። ሲሻልሽ እንዳትተዪው ያለውንም ሰምቻለሁ። አልተውኩትም እኮ። ሌላ ነገር ነው ያደረግኩት። እደርስበታለሁ።

መርፌው ስትሬፕቶማይሲን ይባላል። ያኔ ስሙን መጥራት አልችልም ነበር፣ ስንት ጊዜ ተወግቼ ስሙን እንዴት አልለምድ? በየቀኑ አንድ ሰዓት ሄጄ፣ ተሰልፌ፣ ተወግቼ፣ አንድ ሰዓት እመለሳለሁ። ስወጋ ከንፈሬ ይደነዝዛል፣ መሬቱ ትንሽ ያዘነብላል። ይሄንን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት፣ እናቷ ያኔ ጡት ትጠባ ነበር። ሐኪሙ ፊቷ ላይ እንዳልስል፣ አፌን በነጠላ እንድሸፍን አዘዘኝ። እቤት መቀመጥ አልቻልኩም። እነሳለሁ፣ በር ድረስ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ልጅቷ ስታለቅስ እሮጣለሁ፣ ደርሼ እቆማለሁ። አንስቼ ላቅፋት እፈራለሁ። ሳላቅፋት ደግሞ አልችልም። ጀርባዋን ወደ ደረቴ አድርጌ ነው የያዝኳት፣ ሁለት ወር ሙሉ ፊቷን ከሩቅ ነው ያየሁት።

ጎረቤት አወቀ። ጎረቤታችን እትዬ ሽታዬ፣ አጥር ለአጥር ነን፣ ወንፊቷን እኔ ዘንድ ትታ ነበር። ልጇን ልካ አስመለሰችው። ልጁ ከእጄ አልተቀበለም፣ አጥሩ ላይ ስቀዪው አለኝ። ሰቀልኩት። በማግስቱ እትዬ ሽታዬ ወንፊቱን በፈላ ውሃ ስታጥብ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። አላዘንኩባትም ብል ውሸት ነው።

ዳንጉሬ ግን ጣሳዋን አልለየችም። «ተዪ፣ ይይዝሻል» ብላት፣ «እስከ ዛሬ ካልያዘኝ ረስቶኛል» ትለኛለች። በጣሳ እንደማይተላለፍ፣ በትንፋሽ በሳል እንደሆነ ያኔ አናውቅም። የእትዬ ሽታዬም ወንፊት የዳንጉሬም ጣሳ ከንቱ ነበር። በሽታው የነበረው አየሩ ላይ ነው፣ ያ ሁሉ ወር ጎን ለጎን ተቀምጠን የሳልኩት ሳል።

በዚያው ሰሞን ቀበሌያችን ስብሰባ ጠራ። ስብሰባ የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ሲያወጣ ፊት ይነሱታል፣ ስለዚህ እያሳለኝም ሄድኩ፣ ከኋላ በር አጠገብ ቆምኩ። ሊቀ መንበሩ፣ ከእያንዳንዱ ቀበሌ አንድ ሰው ተመርጦ ይሠለጥናል፣ የጤና ወኪል ይባላል፣ በሽታን ከቤታችን ደጅ እንከላከላለን፣ አለ። ተዋበች ተመረጠች። ተዋበች ጎመን ሻጭ ናት። በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ከቻሉት ሴቶች የመጀመሪያዋ ነበረች፣ የእኔን ስም ከክፍሉ መዝገብ የሰረዙት ደግሞ ዓሣ ዓሣ እያልኩ ስለቀረሁ ነው።

ሳቅኩ። አጠገቤ ለቆመችው፣ «ትናንት ጎመን ስታስር የነበረች ነገ ልታክመን ነው» አልኳት። ተዋበች ሰምታኛለች። ዞራ አየችኝ።

ሦስት ወር ሠልጥና ተመለሰች። ትከሻዋ ላይ ቦርሳ፣ ቦርሳው ውስጥ ፋሻ፣ የወባ ኪኒን፣ ቁስል የሚቀባ ጄንሽን ቫዮሌት። ቀበሌው ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች የአንዷን ክፍል ሰጥቶ ኖራ ቀባናት፣ ጤና ኬላ ተባለች። ተዋበች በየቤቱ እየዞረች የሽንት ቤት ጉድጓድ ክዳን ታያለች፣ የሕፃናት ክትባት ትጠይቃለች፣ ውሃ አፍሉ ትላለች። ሴቶቹ ዶክተር ተዋበች እያሉ ይስቁባታል። «ዶክተር፣ ጎመኑስ?» ሲሏት፣ «ጎመኑማ ጓሮሽ መብቀል ነበረበት፣ ቆሻሻ ደፋሽበት እንጂ» ትላለች።

እኔ መርፌዬን ጨርሼ ኪኒን ላይ ነኝ። ሳሉ ጠፍቷል። ሥጋዬ ተመልሷል። ወደ ዓሣው ተመልሻለሁ። ከጤና ጣቢያው የወር ኪኒን በወረቀት ፖስታ ይሰጡኛል፣ ወር ሲያልቅ እሄዳለሁ። በመሀል የሚያየኝ የለም።

ታዲያ አንድ ጠዋት ዳንጉሬ ሳለች።

በማግስቱም ሳለች። በሳምንቱ ከነጠላዋ ጫፍ ደም አሳየችኝ። እንደኔ አላጠበችውም፣ አሳየችኝ።

«ነገ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን» አልኳት።

«አልሄድም።»

«ትሄጃለሽ።»

«ሰባት ዓመት ልጅ አልወለድሽም እያሉኝ ነው» አለች። «አሁን ሳንባዋም ተበልቷል ከተባለ፣ ለባሌ ሌላ ሚስት ያገቡለታል። እኔን ለማን ይመልሱኛል? አባቴ የለም። ለማንም ብትናገሪ ከእንግዲህ እህቴ አይደለሽም።»

እና ምን አደረግኩ? ፖስታውን ከጉያዬ አወጣሁ። ኪኒኖቹ አሉ። እኔ ድኛለሁ፣ ደረቴ ፀጥ ብሏል። እሷ ደም ትተፋለች። አንድ ዳቦ ገምሰን የምንበላ ሰዎች ነን። እኔ እሷ ፊት ኪኒን ብቻዬን ልውጥ? ያ ነው የመጣልኝ። ስስት ነው የመሰለኝ። አንዷን ኪኒን በሁለት ጣቴ ይዤ አፏ ውስጥ አደረግኩላት፣ እንደ ጉርሻ። በጣሳችን ውሃ አስከተለች። ተሳሳቅን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ቀን ለእኔ፣ አንድ ቀን ለእሷ። አራት ወር እንዲህ ሆነ። ማታ ስተኛ ደግ ሥራ ሠራሁ ብዬ ነው የምተኛው። ይሄንን በደንብ ጻፊልኝ ልጄ፣ ደግ መስሎኝ ነው። ክፉ ባስብማ ቶሎ ይገባኝ ነበር።

ዳንጉሬ መጀመሪያ የተሻላት መሰለ። ከዚያ ከሳች። ጉንጯ ገባ። ቅርጫቱን ስታነሣ መሀል መንገድ ላይ ታስቀምጠዋለች። አንድ ቀን ሳትመጣ ቀረች። በሦስተኛው ቀን ቤቷ ብሄድ ባሏ፣ «ቱላ እናቴ ዘንድ ልኬያታለሁ፣ ብርድ ነው፣ ታርፍ» አለኝ።

በዚያው ሳምንት እኔም ደም ተፋሁ።

እቤቴ ነበርኩ። ልጆቹ ነበሩ። እጄ ላይ ሞልቶ በጣቶቼ መሀል ፈሰሰ። ተቀመጥኩ። መነሣት አቃተኝ። ባለቤቴ ሲገባ አቅሜን አጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አገኘኝ። ተዋበችን ጠራት። ተዋበች ሮጣ መጣች፣ አንድ ቃል አልጠየቀችም፣ በጎኔ አስተኛችኝ፣ ጋሪ አስመጣች። ፈረሱ ሲሮጥ ራሴን ጭኗ ላይ ይዛ ነው የሄደችው። የዚያች የሳቅኩባት ሴት ጭን።

አክታ። ደግሞ አክታ። ይርጋለም። ራጅ። ጭሱ አሁን በሁለቱም በኩል ነው።

ያው ሐኪም ነው። የድሮውን ፊልምና አዲሱን ጎን ለጎን ያዘ።

«መድኃኒቱን አቋርጠሻል?»

«አላቋረጥኩም።»

«በየቀኑ ትውጪ ነበር?»

ዓይኔን ወደ ፊልሙ አሸሸሁ።

«ስሚኝ» አለ። «ግማሽ መድኃኒት በሽታውን አይገድለውም። ያላምደዋል። የተላመደ በሽታ ደግሞ በዚያው መድኃኒት አይሞትም። ግማሹን የት አደረግሽው?»

«ጠፋብኝ።»

አየኝ። «ለሰው ሰጥተሽ ከሆነ፣ ያም ሰው አሁን እንደዚህ ነው» አለና ጣቱን ፊልሙ ላይ፣ ጭሱ ላይ አደረገ።

በአውቶቡስ ስመለስ ጭሱ ከዓይኔ አልሄደም። የእኔ ጭስ አይደለም፣ የእሷ። ብናገር ትዳሯ ይፈርሳል፣ እህቴ አይደለሽም ብላኛለች። ዝም ብል ትሞታለች። የገደልኳት ደግሞ እኔ ነኝ፣ በጉርሻ። ሁለት ቀን እንዲህ ሆንኩ። ተኝተሽ ዕረፊ ተብያለሁ፣ ማን ያርፋል? እነሳለሁ። ደጅ እወጣለሁ። ወደ ቱላ የሚወስደውን መንገድ አያለሁ። እገባለሁ። የማነሣውን ዕቃ ሳላነሣ እረሳዋለሁ። ባለቤቴ፣ «ምን ጠፋብሽ?» ይለኛል።

በሦስተኛው ቀን ተዋበች መጣች፣ መርፌው እንደገና ሊጀመር ነው፣ ልትነግረኝ። ገና ከበሩ ሳትገባ ነገርኳት። ሁሉንም። የዳቦውን፣ የጣሳውን፣ የኪኒኑን።

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ዓሣ መሰለሽ፣ ጭንቅላቱን ለእሷ ጅራቱን ለእኔ የምትይው?» አለችኝ። ከዚያ፣ «እኔም ብሆን አደርገው ነበር። ሥልጠና ባልገባ» አለች። ተነሣች። ነጠላዋን አጣፋች። «ቱላ የስንት ሰዓት መንገድ ነው?»

«ይመልሷታል። ምሥጢር ነው ብላኛለች።»

«ምሥጢሩን እኔ እጠብቀዋለሁ። አንቺ መንገዱን አሳዪኝ።»

እኔ መሄድ አልነበረብኝም። ሄድኩ። አፌን በነጠላ አስሬ ጋሪ ላይ ወጣሁ። መንገዱ አቧራ ነው። ከእንሰቱ ጓሮ በስተጀርባ ነው ቤቱ። የባሏ እናት፣ አማትየው፣ በር ላይ ቆመው ነበር፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይናቸው የማያርፍ። እኔን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። ይቺ ሕመምተኛ ልትጠይቅ መጣች ብለው ነው፣ እኔ መታመሜን ሰምተዋል።

ተዋበች በሲዳምኛ ሰላምታ ሰጠች፣ ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች። ስለ ዳንጉሬ አንድ ቃል አላነሣችም።

«እማማ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ እያየሁ ነው» አለች። «ከዚያ ደግሞ የሳል ምርመራ አለ። የሚያስለው ሁሉ አክታ ይሰጣል። እርስዎ ያስልዎታል?»

«የእርጅና ሳል ነው» አሉ አማትየው።

«የእርጅናም ቢሆን በቆርቆሮ ይገባል። በመጀመሪያ ከእርስዎ ልጀምር፣ ትልቅ ሰው ይቅደም። ከዚያ ልጅዎ፣ ከዚያ ያቺ ምራትዎ ካለች።»

አማትየው ቆርቆሮውን ተቀበሉ። ምን ይበሉ? ከሁሉም ቤት ነው የሚሰበሰበው ብላቸዋለች፣ እውነትም ያን ቀን ከጎረቤቶቹ ሁሉ ሰበሰበች፣ ከአሥር ቤት በላይ። አንዷን ሴት ለማዳን መንደሩን ሁሉ አሳለችው። ያንን ሥራ ማን አስተማራት? ሥልጠናው ላይ እንዳልነበረ አውቃለሁ።

ዳንጉሬ ውስጥ ተኝታ ነበር። ልገባ ስል ተዋበች ክንዴን ያዘች። በበሩ ብቻ አየኋት። አንሳለች። ብርድ ልብሱ ሥር ሰው ያለበት አይመስልም። አየችኝ፣ ፊቷን አዞረች። አሥሬ ላናግራት አፌን ከፈትኩ። ተዋበች ጎትታ ወሰደችኝ።

ውጤቱ ከሳምንት በኋላ መጣ። የዳንጉሬ አክታ በሽታው አለበት። የአማትየውም አለበት።

አማትየው ያንን ሲሰሙ ቁጭ አሉ። ለማን ይመልሷት? እሳቸውስ የት ይመለሱ? ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ አንድ ላይ ነው መድኃኒት የወሰዱት። እዚያው ቱላ የገበሬ ማኅበሩ አዲስ የሠራት ጭቃ ቤት ጤና ኬላ ነበረች፣ ጣራዋ ገና የሚያበራ ቆርቆሮ። ባትኖርማ ዳንጉሬ በዚያ እግሯ ከቱላ አዋሳ በየቀኑ አትመላለስም ነበር። መድኃኒቱ ስለሄደላት ነው የዳነችው፣ እሷ ወደ መድኃኒቱ ብትሄድ መንገድ ላይ ትቀር ነበር።

እኔም አሁን ጤና ጣቢያ አልሄድኩም። ድሬሰሩ፣ መርፌ የሚወጋው የጤና ጣቢያው ሰው፣ በየጠዋቱ ወደኛ ጤና ኬላ ይመጣል፣ ከቤቴ ሃምሳ እርምጃ ናት። መርፌው ስትሬፕቶማይሲን፣ ኪኒኑም በዓይነት በዓይነት። ሐኪሙ አሁን ዓመት ተኩል ነው አለ። ኪኒኑን ተዋበች እጇ ላይ አድርጋ ትሰጠኛለች፣ እስክውጥ ትጠብቃለች፣ «አፍሽን ክፈቺ» ትለኛለች፣ እንደ ሕፃን። መጀመሪያ ተናደድኩ። «ታምኚኛለሽ ወይስ አታምኚኝም?» አልኳት። «አንቺን አምንሻለሁ፣ ደግነትሽን ነው የማላምነው» አለችኝ።

በካርድ ላይ ምልክት ታደርጋለች፣ እኔ ግን ካርዱን አላነብም። ስንት እንደወጥኩ ስንት እንደቀረኝ አላውቅም፣ ያ ነው የሚያቅበጠብጠኝ። መጨረሻው አይታይማ። አንድ ቀን ዓሣ አጥማጆቹ የጣሉትን የመረብ ናይለን ክር አነሣሁ። መረብ መቋጠር ከልጅነቴ አውቃለሁ። ኪኒን የዋጥኩ ቀን አንድ ቋጠሮ። በየሳምንቱ እሑድ ላይ ድርብ ቋጠሮ። በሩ ላይ ሰቀልኩት። ጠዋት ስወጣ በእጄ እዳስሰዋለሁ፣ ክሩ ሲረዝም እኔም እረጋለሁ። ባለቤቴ ሳይናገር አንድ ቀን የተጣጠፈውን ሲያፍታታ አየሁት፣ ለካ እሱም ይቆጥራል።

ለዳንጉሬም ክር ላኩላት፣ ከመንደሯ ለገበያ ከሚመጡ ሴቶች ጋር። መልስ አልመጣም። አንድ ወር ጠበቅኩ። ሁለተኛው ወር ላይ በገበያ ቀን ራሷ መጣች፣ ዱላ ይዛ፣ ቀስ እያለች። አጠገቤ ተቀመጠች። ክሯን ከቀሚሷ ኪስ አወጣችና በእኔ ክር ጎን ዘረጋችው። እኔ ቀድሜ ነበር የጀመርኩት፣ የእሷ ክር ያጥራል። ቋጠሮዎቿ ግን ከእኔ የጠበቁ ናቸው።

«መሠረተ ትምህርት ገባሽ» አለችኝ።

ያኔ አለቀስኩ። ከዚያን በፊት አላለቀስኩም ነበር። ጊዜ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን ክሮቻችንን ጎን ለጎን እያስተኛን እናያለን፣ እሷ አማቷ ስንት ቀን ኪኒን ምላሳቸው ሥር ደብቀው እንደተያዙ እያስመሰለች ታስቀኛለች፣ እኔ ሥጋዬ እንዴት ቀስ በቀስ እንደተመለሰ፣ ልጄን ፊት ለፊት ማቀፍ እንዴት እንደጀመርኩ፣ ልጅቷ መጀመሪያ ፊቴን በእጇ እየነካካች እንግዳ እንደሆንኩባት እነግራታለሁ፣ እና እንዲህ እንዲህ እያልን ክረምቱም አለፈ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼም መጣ፣ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ሰው ሲሰበሰብ ዳንጉሬ ያለ ዱላ ቆማ ከሴቶቹ ጋር ስታዜም ከሩቅ አየኋት። መዝፈኑ እንደ ድሮ አልሆነላትም፣ መሀል ላይ ትንፋሿ ያጥርና ዝም ትላለች፣ ትንሽ ቆይታ ትገባለች። ከዚያም ወዲህ ከባድ ቅርጫት አላነሣችም። የእኔም ግራ ጆሮ ቀርቷል። መርፌው ሲጮህብኝ፣ ማለቴ ጆሮዬ ሲጮህ፣ ለድሬሰሩ አልነገርኩትም፣ መርፌውን ያቆሙብኛል ብዬ ፈርቼ። ሲያውቅ፣ «ቀድመሽ ብትነግሪኝ መጠኑን እናስተካክለው ነበር» አለኝ። ዝም ማለቴ ነው ጆሮዬን የወሰደው።

የዳንኩ ቀን ሐኪሙ አክታዬ ንጹሕ መሆኑን ነገረኝ። «ጨርሰሻል» አለኝ። ክሩን ከበሩ አወረድኩት። መሬት ላይ ቢዘረጋ ከበሩ እስከ ጓሮ ይደርሳል።

አሁን ይሄ በሽታ ይዟችሁ የምትሰሙኝ፣ የምታስታምሙም፣ ምክሬ ትንሽ ናት። ሲሻላችሁ አትተዉት። ጆሯችሁ ቢጮህ፣ ዓይናችሁ ቢጨልም፣ ቆዳችሁ ቢያሳክክ ያኔውኑ ተናገሩ። ዳቦ ተካፈሉ፣ አልጋ ተካፈሉ፣ ኪኒን አትካፈሉ። የምትወዱት ሰው ካሳለ ኪኒን አትስጡት፣ ይዛችሁት ሂዱ፣ ቢቆጣችሁም ይቆጣ፣ እህቴ አይደለሽም ቢላችሁም። ምሥጢሩን የሚጠብቅ ሰው ፈልጉ፣ አለ። ከሰፈራችሁ ለጤና የተመደበ ሰው ካለ አትሳቁበት። ጎመን ሻጭም ብትሆን። እኔ ሐኪሙን አመሰግናለሁ፣ ድሬሰሩንም፣ በጋሪ ያደረሰኝንም ሰው። ተዋበችን ግን እንዴት እንደማመሰግን እስከ ዛሬ አላወቅኩም፣ አርፋለች፣ ነፍሷን ይማር። አፍሽን ክፈቺ ስትለኝ አሁንም ይሰማኛል፣ በደህናው ጆሮዬ።

አንድ ነገር ቀረ። ክሩን ካወረድኩ በኋላ፣ ብዙም ሳይቆይ፣ እትዬ ሽታዬ መጣች። በበሩ ገባች፣ በአጥሩ አይደለም። ያቺን ወንፊት ይዛለች። «እኛ ቤት ትተሽው የሄድሽው ነው መሰለኝ» አለችኝ። የእሷ ወንፊት ነው፣ ሁለታችንም እናውቃለን። ተቀበልኳት። ቁጭ በዪ አልኳት፣ ተቀመጠች። ወሬ አነሣች፣ ጣለች። ስለ ስኳር፣ ስለ ዝናብ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳለች። ደግሞ ሳለች። ነጠላውን ጨምድዳ ጭኗ ሥር ደበቀችው። እኔ ያንን ደብቄ አውቃለሁ።

ከዚያ በሩን አየች፣ ክሩ ተሰቅሎበት የነበረውን ምስማር።

«ያንን ክርሽን» አለችኝ፣ «ጨርሰሽበት የለ፣ አታውሺኝም?»

«እትዬ፣ ክሩ አይዋስም» አልኳት። «የእኔ ሞልቷል። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ነው። ነገ ጠዋት ተዋበች ዘንድ አብረን እንሄዳለን።»

ጭኗ ሥር ያለውን ነጠላ ጠበቅ አደረገች፣ ከዚያ ለቀቀችው።

«እንግዲያው» አለችኝ፣ «ቋጠሮውን አስተምሪኝ።»